የስኳር መድኃኒት ተገኘ ሲባል

ነርስ ጡረታ ወጣች ማለት ሥራ አቆመች ማለት አይደለም። በሠፈር «ሲስተር» ተብሎ የሚታወቅ ሰው ዕድር ላይ ስለ ደም ግፊት፣ ለቅሶ ቤት ስለ ጨጓራ፣ ገበያ መሀል ስለ ስኳር ይጠየቃል። እኔም ከለመድኩት ዓመታት አልፈዋል፤ ቅርም አይለኝም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ በዝቶ ይመጣብኛል። «ሲስተር፣ የስኳር መድኃኒት ተገኘ ይባላል፤ 14 ቀን ብቻ ተወስዶ የሚያበቃ ነው አሉ። እውነት ነው?»

የጥያቄው ምንጭ በየስልካችን የሚዞረው መልእክት ነው። አንዱ ከውጭ ይልካል፣ ሌላው ለቤተሰቡ ያስተላልፋል፣ ሦስተኛው ደግሞ «ከእንግዲህ ኢንሱሊን ቀረ» የሚል ይጨምርበታል። ወሬው በዞረ ቁጥር እውነቱ እየቀጠነ፣ ጭማሪው እየወፈረ ይሄዳል። አስቸጋሪው ነገር ከሥሩ እውነት ያለው መሆኑ ነው። ፈጽሞ ውሸት ቢሆን «ተዉት» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። መድኃኒቱ ግን በእርግጥ አለ፤ 14 ቀኑም እውነት ነው። ለማን እንደሚሰጥና ምን እንደሚሠራ ሲታወቅ ግን ብዙ ቤተሰብ ከሚጠብቀው የተለየ ነገር ሆኖ ይገኛል። ይህንን ዛሬ በቤታችን ቋንቋ ላስረዳ የፈለግሁት በዚህ ወሬ ምክንያት ቤታቸውን ሊሸጡ የተነሡ አያት ስለማውቅ ነው።

ጎረቤቴ ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ «እትዬ» እላቸዋለሁ። የልጅ ልጃቸው 11 ዓመቱ ነው፤ ኢንሱሊን ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እናቱ ሥራ ስለምትውል ጠዋትና ማታ የሚወጉት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ሲሪንጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው፣ መጠኑን ሁለት ጊዜ አይተው ነው የሚወጉት። እኔ ካሠለጠንኳቸው ተማሪ ነርሶች አንዳንዶቹ የእሳቸውን ያህል አይጠነቀቁም ነበር። አንድ ቀን ማታ የቤታቸውን ካርታ በፌስታል ጠቅልለው መጡ። «ሲስተር፣ ይህችን ቤት ብሸጣት ልጁን ውጭ ወስጄ 14ቱን ቀን አስጨርሼው እመለሳለሁ። እኔ እንደሆንኩ የትም እኖራለሁ። ከዚያ ወዲያ መርፌ የለም አሉ» አሉኝ።

ወዲያው «አይሆንም» ማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን የሰውን ተስፋ በአንድ ቃል ከነጠቁት፣ ነገ ሄዶ የሚፈልገው ከማያዝንለት ሰው ዘንድ ነው። ስለዚህ ቡና አቀራረብኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። ለእናንተም ከዚያው ልጀምር።

ከምግብ የምናገኘው ስኳር በደም ውስጥ ይዞራል። ከደም ወጥቶ ወደ ሕዋሳት ገብቶ ጉልበት እንዲሆን ኢንሱሊን ያስፈልገዋል። ኢንሱሊን የሚሠራው ከጨጓራ ኋላ የተጋደመው ቆሽት ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ነው። በጎልማሶችና በአረጋውያን ላይ በብዛት የምናየው ሁለተኛው ዓይነት ስኳር የሚመጣው ሰውነት ለኢንሱሊን በደንብ አልታዘዝ ሲልና ቆሽትም እየደከመ ሲሄድ ነው። በአብዛኛው በልጅነትና በወጣትነት የሚጀምረው አንደኛው ዓይነት ግን ሌላ ታሪክ አለው። ሰውነታችን ከጀርም የሚጠብቁት ዘበኞች አሉት፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ይባላሉ። በአንደኛው ዓይነት ስኳር እነዚህ ዘበኞች የገዛ ቤታቸውን ሰው፣ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት፣ እንደ ሌባ ይደበድባሉ። ድብደባው በአንድ ሌሊት አያልቅም። ልጁ እየሮጠ፣ እየተጫወተ፣ ምንም ሳይታወቅበት ለወራት፣ ብዙ ጊዜም ለዓመታት ይቀጥላል። ውሃ ጥሙና ሽንቱ የሚመጣው ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ካለቁ በኋላ ነው።

አዲሱ መድኃኒት የሚገባው በዚህ ስውር ጊዜ ውስጥ ነው። ስሙ ቴፕሊዙማብ ይባላል፤ አንቲቦዲ ከሚባሉት ወገን ነው። አንቲቦዲ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ቅርጹን ለማወቅ ባላ እንጨት አስቡ። ሁለቱ የላይኛ ጫፎች የሚፈለገውን ነገር ለይተው ይይዛሉ፤ የታችኛው ግንድ ደግሞ ሌሎቹን የመከላከያ ሕዋሳት «ኑ፣ እዚህ ነው» ብሎ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1975 ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ አንድን ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ መርጦ በላቦራቶሪ በብዛት ማምረት የሚቻልበትን ዘዴ አገኙ። በ1984 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ አንቲቦዲ ሰውነት የሚሠራው ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሰው ቀርጾ የሚያዘጋጀው መድኃኒትም ሆነ።

ለሰው እንዲሰጥ ከተፈቀዱት ከእነዚህ መድኃኒቶች የመጀመሪያው በ1986 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ሰውነታቸው አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው ዘበኞቹን ያረጋጋ ነበር። ሥራውን ይሠራ ነበር፤ ግን ብርቱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያስከትል ነበር። አንደኛው ምክንያት የባላው ግንድ ነው፤ ሳያስፈልግ ሌሎቹን ሁሉ እየጠራ ሁከት ያስነሣል። ተመራማሪዎች ጫፎቹን ትተው ግንዱን ጠረቡት፤ ዘበኛውን እንዲይዝ፣ ሌላውን ግን እንዳይጠራ አደረጉት። የአይጥ የነበረውን አብዛኛውን ክፍልም ወደ ሰው ቀየሩት። ቴፕሊዙማብ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። በሌላ በኩል በ1994 ፓሪስ ውስጥ የሚሠሩ ሐኪሞች ስኳር የያዛቸውን አይጦች ተመሳሳይ አንቲቦዲ ለጥቂት ቀናት ሰጥተው ሕመሙን መመለስ እንደቻሉ አሳይተው ነበር። ከአይጥ እስከ ሰው ግን መንገዱ ረጅም ነው፤ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ወስዷል።

በሰው ላይ የተደረገው ዋናው ጥናት በ2019 ታተመ። ከመሪዎቹ አንዱ የዬል ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ኬቫን ሄሮልድ ናቸው። የተሳተፉት 76 ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም በቤተሰባቸው አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው አላቸው፤ እነሱ ራሳቸው ገና አልታመሙም። በደማቸው ግን ድብደባው መጀመሩን የሚያሳዩ ምልክቶች ታይተዋል። ለ44ቱ መድኃኒቱ፣ ለ32ቱ መድኃኒት የሌለው ፈሳሽ ለ14 ቀናት በደም ሥር ተሰጣቸው። ፈሳሹን ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ታመሙ። መድኃኒቱን በወሰዱት በኩል ግማሾቹ እስኪታመሙ አራት ዓመት ገደማ ፈጀ። ክትትሉ ሲቀጥል ልዩነቱ ከዚያም ሰፋ። በዚህ መነሻ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኅዳር ወር፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ዕድሜያቸው 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው እንዲሰጥ ፈቀደ። የአንደኛውን ዓይነት ስኳር መምጣት የሚያዘገይ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ።

«የሚያዘገይ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። በስልካችን የሚዞረው መልእክት የጣለው ይህን ቃል ነው።

እኔ ነገሩን በቅርብ ያወቅሁት አሜሪካ በምትኖረው በእህቴ ልጅ ቤት ነው። ትልቁ ልጇ በስድስት ዓመቱ ታመመ፤ ራሱን ስቶ ነው ሆስፒታል የገባው። ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹ ታናሽ እህቱም ትመርመር አሉ። ምርመራው ሰውነቷ በገዛ ቆሽቷ ላይ የሠራቸው ሁለት ዓይነት አንቲቦዲዎች እንዳሉ አሳየ፤ ስኳሯም ትንሽ ትንሽ መዛባት ጀምሯል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ፦ እነዚህ በደም የታዩት አንቲቦዲዎች የጥቃቱ ምልክት ናቸው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ጥቃቱን ለማብረድ በሰው የተቀረጸ ሌላ አንቲቦዲ ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያደናግራል።

ልጅቷ 14ቱን ቀን በየቀኑ እየተመላለሰች ወሰደች። በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል የሚንጠባጠብ ነው፤ ከመመላለሱና ከክትትሉ ጋር ግን የቀኑ እኩሌታ ይሄዳል። ራስ ምታትና ሽፍታ ነበራት፤ ነጭ የደም ሕዋሷም ለጊዜው ወረደ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ክትባቶቿን ሁሉ ከመጀመሯ በፊት አስጨርሰዋታል፤ መከላከያዋ ሲዳከም ክትባት አይመከርምና። እናቷ ማታ ማታ እየደወለች ትነግረኛለች። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «አክስቴ፣ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን ስምንት ዓመት ሆኗት ከሚመጣ አሥራ ሁለት ሆኗት ይምጣ። ያኔ ራሷ ትወጋለች፤ ስኳሯ ሲወርድም አፍ አውጥታ ትነግረኛለች።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በሕክምና መጽሐፍም አላነበብኩም። ልጅ ያሳደገ ሁሉ የአራት ዓመት ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መርፌ ሲያይ የሚደበቅ ሕፃንና «ዛሬ ኳስ ስለምጫወት ቀድሜ ትንሽ ልብላ» የሚል ልጅ አንድ አይደሉም። መድኃኒቱ የሚገዛው ጊዜ ነው። ጊዜ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋውስ? ሲወጣ የአንዱ ብልቃጥ ዋጋ 13,850 ዶላር፣ የ14ቱ ቀን ደግሞ 193,900 ዶላር ነበር። የእህቴ ልጅ የከፈለላት የጤና መድን ነው። እትዬ ይህን ቁጥር ሲሰሙ ካርታውን እያዩ ዝም አሉ። እኔ ግን ልነግራቸው የፈለግሁት ዋናው ነገር ዋጋው አልነበረም። «ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ለዚህ ልጅ አይደለም» አልኳቸው። ያ የ14 ቀን ሕክምና የተፈቀደው ሕመሙ ገና ላልወጣባቸው ነው። የእሳቸው ልጅ ግን ሁለት ዓመት ታሟል። አዲስ በታወቀባቸው፣ ገና ስድስት ሳምንት ባልሞላቸው ልጆችም ተሞክሮ ውጤቱ በ2023 ታትሟል፤ የቆሽታቸውን ቀሪ አቅም በተሻለ ጠብቆላቸዋል፤ ከኢንሱሊን ግን አላላቀቃቸውም። ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር ደግሞ ከናካቴው አይደለም፤ በዚያ ሕመም የሚደበድብ ዘበኛ የለምና የሚያረጋጉት ነገር አይኖርም።

ለእኛ ለአፍሪካውያን ሌላ የሚታሰብበት ነገርም አለ። በካሜሩን፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ «አንደኛው ዓይነት ስኳር» ተብለው ኢንሱሊን የሚወስዱ ልጆችና ወጣቶች ተመርምረው፣ በ2025 በታተመው ውጤት ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የተለመዱት የጥቃት ምልክቶች አልተገኙም። ሕመማቸው እውነተኛ ነው፤ ኢንሱሊንም ያስፈልጋቸዋል፤ መነሻው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይ በጎንደር አካባቢ የሠሩ ሐኪሞችም ከብዙ ዓመታት ጀምሮ በምግብ እጥረት ያደጉ ቀጫጭን ገበሬ ወጣቶች ላይ የሚታይ፣ ከመጽሐፉ ለየት ያለ ስኳር እንዳለ ሲጽፉ ቆይተዋል። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። ስለዚህ ዘበኛን የሚያረጋጋ መድኃኒት ነገ በርካሽ ቢመጣ እንኳ፣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «የዚህ ልጅ ሕመም የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ስለ ልጆች ነው። አያቶችን በቀጥታ የሚመለከት የዚሁ ጥበብ ሌላ ቅርንጫፍ ደግሞ አለ፤ የሚገርመው፣ እሱ ሳይወራለት ቆይቶ ብዙ ዓይን አድኗል። ወደ ባላችን እንመለስ። ተመራማሪዎች ግንዱን ከመጥረብ አልፈው ጨርሰው ቆርጠው ጣሉትና አንዱን ጫፍ ብቻ አስቀሩ። ይህ የአንቲቦዲ ቁራጭ ይባላል። ቁራጩ ትንሽ ስለሆነ ሙሉው በቀላሉ ወደማይዘልቅበት ይገባል፤ ወደ ደም የሚያልፈውም ቶሎ ከሰውነት ይወጣል፤ ግንድ ስለሌለው ሁከት አይጠራም፤ በባክቴሪያ ውስጥም ሊመረት ይችላል።

ስኳር ለብዙ ዓመታት ሳይቆጣጠሩት ሲቀር በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ ያለውን ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን ይጎዳል። ጥቃቅን የደም ሥሮች ያፈስሳሉ፤ መሀሉ ያብጣል፤ ሰው ፊት ለይቶ ማወቅ፣ መርፌ ክር ማስገባት ያቅተዋል። እንዲያፈስሱና እንዲበቅሉ የሚያዝዘውን ፕሮቲን የሚይዝ ራኒቢዙማብ የተባለ የአንቲቦዲ ቁራጭ በ2006 አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያ ለእርጅና የዓይን ሕመም፣ በ2012 ደግሞ በስኳር ለሚመጣው እብጠት ተፈቀደ። ዓይን ደንዝዞ በቀጭን መርፌ ይሰጣል። ዓይን ላይ መርፌ ሲባል ሰው ይሸሻል፤ ያዩት ግን ከሐሳቡ ያነሰ ሕመም እንዳለው ይናገራሉ። የቁራጩ ሙሉ ዘመድ የሆነው ቤቫሲዙማብ፣ በንግድ ስሙ አቫስቲን፣ ለካንሰር የወጣ መድኃኒት ነው፤ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ ለዓይን ሲሰጥ ዋጋው እጅግ ስለሚቀንስ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ለዓይን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ይህም መድኃኒት ከስኳር አያድንም፤ የዓይንን ብርሃን ያቆያል። ጊዜ ይገዛል ማለት ነው።

ቁራጭ ካነሣን ግመልን ሳናነሣ አናልፍም። በ1993 ብራስልስ ያሉ ተመራማሪዎች ግመል በደሟ ውስጥ ከሌላው እንስሳ የተለየ አንቲቦዲ እንዳላት አሳተሙ። የእኛ አንቲቦዲ ጫፍ ከሁለት ክፍሎች የተገጣጠመ ነው፤ የግመሏ አንድ ክፍል ብቻውን ይይዛል። ይህ ጫፍ ተቆርጦ ሲወጣ ክብደቱ የሙሉው አንቲቦዲ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ሙቀትም ይችላል። ከዚህ የተሠራ የመጀመሪያው መድኃኒት በ2018 አውሮፓ ውስጥ የተፈቀደው ለስኳር ሳይሆን ብዙም ለማይታይ የደም መርጋት ሕመም ነው። ለስኳር ሕመም የሚሆኑት ገና በምርምር ላይ ናቸው። ቁራጮቹን ቆሽትን በምስል ለማየት፣ ወይም ሰላም አስከባሪ የሆኑ ነጭ ሕዋሳት ላይ ተክሎ ወደ ቆሽት ለመላክ የሚሞክሩ አሉ። አፋርና ሶማሌ፣ ቦረናም ግመል የሚያረባ ሕዝብ ላላት አገር ደስ የሚል ዜና ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «የግመል ወተት ኢንሱሊን ይተካል» የሚል ነጋዴ ቢመጣባችሁ አትስሙት። አንቲቦዲ ፕሮቲን ነው፤ በአፍ ከተወሰደ ሆድ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። በመርፌ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ወተቱን ለምግብነቱ ጠጡ፤ መርፌውን ግን አትተዉ።

መርፌውን አትተዉ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። በሥራ ዘመኔ ልቤን የሚሰብሩኝ ኢንሱሊን አጥተው የመጡት ብቻ አልነበሩም። ኢንሱሊን እያላቸው «ሌላ መድኃኒት ተገኝቷል» ተብሎ የተቋረጠባቸውም ነበሩ። አንዷ 16 ዓመቷ ነበር፤ ዘመድ ያመጣውን ቅጠል ጀምራ መርፌውን ካቆመች በአምስተኛው ቀን ተሸክመው አመጧት። ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን፣ አፏ የበሰበሰ ፍሬ የሚመስል ሽታ ያለው፣ ዓይኗ የጎደጎደ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ፈሳሽና ኢንሱሊን ስንሰጣት አድረን ጠዋት «እማዬ» ስትል ሁላችንም አለቀስን። እንደ እሷ ያልተረፉም አሉ። አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ካቋረጠ የሚቆጠረው በወር ሳይሆን በቀን ነው። ጸበል የሚወስድ ቤተሰብ ይውሰድ፤ እኔም ጸበል እጠጣለሁ። ኢንሱሊኑን ግን ይዞ ይሂድ፣ እዚያም ሆኖ ይወጋ፣ እህልም ይቅመስ። ጾሙን በተመለከተ ለንስሐ አባት መንገር ነው፤ የታመመ ልጅ ሳይበላ ኢንሱሊን ወስዶ እንዲውል የሚፈልግ አባት አላጋጠመኝም።

ኢንሱሊን ራሱ ጊዜ የሚገዛ መድኃኒት መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በጥር ወር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ አጥንቱ የቀረ ታዳጊ በኢንሱሊን ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ከዚያ በፊት እንደ እሱ ያሉ ልጆች በረኀብ አመጋገብ ጥቂት ጊዜ ቆይተው ይሞቱ ነበር። እሱ 13 ዓመት ተጨመረለት። ያገኙት ሰዎችም የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር አስተላለፉ። ዛሬ በደንብ የተያዘ ልጅ በዚያው መድኃኒት ዕድሜ ይጠግባል፤ ይማራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። «አሮጌው መርፌ» እያልን የምንንቀው ይህንን ነው።

ለእትዬ በመጨረሻ የነገርኳቸው ይህንኑ ነበር። «ልጁን ያቆሙት እርስዎ ነዎት። የእርስዎ መስኮትና መነጽር ለዚህ ልጅ ከ14ቱ ቀን በልጠዋል» አልኳቸው። ካርታውን መልሰው በፌስታሉ ጠቀለሉት። አላመኑኝም ብዬ ፈርቼ ነበር። በሳምንቱ ከቤቱ ዋጋ ይልቅ በጣም ባነሰ ገንዘብ ስኳር መለኪያውንና ለሦስት ወር የሚሆን መመርመሪያ ስትሪፕ ገዙ። ቀጥለውም «ታናሹስ?» ብለው ጠየቁኝ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው።

የወንድም ወይም የእህት ስኳር መታመም የሌላውን ልጅ ዕድል ከፍ ያደርገዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ በተሠራ ጥናት፣ በቤተሰባቸው አንደኛው ዓይነት ስኳር ካለባቸው 20 ሰዎች አንዱ ገደማ ይያዛል፤ 19ኙ አይያዙም ማለት ነው። የጥቃት ምልክቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ውጭ አገር የምትኖሩና በቤተሰባችሁ የታመመ ልጅ ያላችሁ ግን ሐኪማችሁን ስለ ምርመራው ጠይቁ፤ ልጆቻችሁ የመድኃኒቱ ጊዜ ሳያልፍባቸው ይታወቃሉ። እዚህ ላለነው የመጀመሪያው ምርመራ የእናትና የአያት ዓይን ነው። ልጁ ውሃ ሲያበዛ፣ ሌሊት ደጋግሞ ሲነሣ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ከለመደ በኋላ አልጋ ላይ መሽናት ሲጀምር፣ እየበላ ሲከሳ፣ ሲደክመው፣ ስኳሩን አስለኩት። ከጣት የሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ይበቃል። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠትና ጥልቅ ትንፋሽ ከተጨመረበት ነገ አትበሉ፤ ያንኑ ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት። ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው እየተባለ የሚባክነው ቀን ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ውድ ነው፤ «ስኳሩም ይለካልኝ» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ኢንሱሊን የጀመረ ልጅ ያላችሁ ደግሞ አቀማመጡን ተጠንቀቁ። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ በረዶ ቤቱን ግን አይንካ፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ሥራው ጠፍቷል። የተከፈተው ፀሐይ በማይነካው ቀዝቃዛ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ፍሪጅ የሌለው ቤት በእርጥብ አሸዋ መሀል የተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ይጠቀም፤ አያቶቻችን ውሃ ሲያቀዘቅዙበት የኖሩት ሸክላ ዛሬም ያገለግላል። ስኳር ያለባችሁ ወላጆችና አያቶችም ምንም ባይሰማችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ዓይናችሁን አስፍታችሁ አስመርምሩ። ያ በመርፌ የሚሰጠው ቁራጭ የሚጠቅመው ብርሃኑ ሳይጠፋ ለደረሰ ሰው ነው።

አዲስ መድኃኒት ተገኘ የሚል ወሬ ነገም ይመጣል፤ መምጣቱም ደግ ነው፤ ምርምሩ አልቆመምና። ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ። ለየትኛው ዓይነት ስኳር ነው? ከመታመም በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከኢንሱሊን ጋር ነው ወይስ በኢንሱሊን ፈንታ? የሦስቱን መልስ ከሐኪማችሁ እስክትሰሙ ድረስ ቤታችሁን አትሽጡ፤ የዛሬ ማታዋን መርፌም አታሳልፉ።